የመንታ እናቶችን ደም ፍለጋ ወደ ኮንጋ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን አብረውኝ የሚሠሩት የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ ስለ ዲላ በጠየቁኝ ቁጥር ከመሃል እየጀመርኩ አደናገርኳቸው። ስለዚህ ይኸው ከመጀመሪያው ቀን ተነስቼ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ሰው ስለ ጌዴኦ ሲጽፍ ስለ ቡናው ነው የሚጽፈው። እኔ የሄድኩት ደም ለመቅዳት ነው፤ ቡና ካነሳሁ መንገዴ ላይ ስለገባ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። እርጉዝ ሴት ላይ የደም ግፊቷን ሽቅብ የሚያወጣ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የሚያሳይ፣ ካልተደረሰላትም አንዘፍዝፎ የሚጥል በሽታ አለ፤ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። መንታ ያረገዘች ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች። የእንግዴ ልጁ ወደ እናቲቱ ደም ከሚለቃቸው ነገሮች ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ የደም ሥር እንዲያድግ ይረዳል፣ ሌላው ያንን ረዳት ይዞ ያስቀረዋል። ያዡ በዝቶ ረዳቱ ካነሰ በሽታው ሳይገለጥ መጠርጠር ይቻላል። ችግሩ፣ ልኩ በአብዛኛው የወጣው አንድ ልጅ ካረገዙ ሴቶች ደም ነው። የመንታ እናት ደም ከመነሻው የተለየ ስለሆነ ያ ልክ ለእሷም ይሥራ አይሥራ ገና እየተጠና ነው። እኔም ሄደሽ ደም ቅጂ፣ አጣሪ፣ ሳይበላሽ አምጪ ተብዬ ተላክሁ። ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የሰው ደም በማየት የጨረስኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ደም የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰኞ

ሹፌራችን ግርማ ከአዲስ አበባ ሊነጋጋ ሲል አስነሳኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ነኝና ለብሼ ነው የምሄደው። ሞጆ ላይ ጃኬቴን፣ ዝዋይ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሐዋሳ ስንደርስ ሁለተኛውን ሹራብ ማውለቅ ስጀምር ግርማ፣ እትዬ ሰብለ ዲላ ሲደርሱ ምን ሊቀርዎት ነው ብሎ ሳቀብኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ መሳቁን ግን ማንም አልከለከለውም።

ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ ዛፍ ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ሜዳው ሰፊ ነው፤ የጎረቤትሽን ጭስ ከሩቅ ታይና ምሳ እንደደረሰ ታውቂያለሽ። እዚህ ቤት የለም ብለሽ ስታልፊ ከእንሰቱ መሃል ሰው ይወጣል። አለታ ጩኮ ላይ ጎማችን ተነፈሰ። መለዋወጫውን ስናወርደው እሱም ተንፍሷል። ግርማ መሬት ሲያይ አናናስ የምትሸጥ ሴትዮ ልጇን በባጃጅ ጎሚስታ ዘንድ ላከችልን፤ እስኪመለስ ድረስ ለኔ መቀመጫዋን ለቃ እሷ ቆመች። ከፈልን ስንላት አናናስ ግዙ እንጂ ለመቀመጫ ምን ይከፈላል አለች። ገዛን። ግርማ መኪና ውስጥ በሴንጢ ሲቆርጠው ጭማቂው የፈቃድ ደብዳቤዬ ላይ ፈሰሰ። በማግስቱ ዲላ ያለው ቢሮ ኃላፊ ደብዳቤውን አሽትቶ በጥሩ መንገድ እንደመጣን ገባው።

ዲላ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ፤ ከታች ምግብ ቤት አላቸው። አልጋዬ ላይ አንድ አንሶላና አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ብቻ ሳይ ደነገጥኩ፤ ቤቴ በሦስት ብርድ ልብስ ነው የምተኛው። ሌሊቱን አንዱንም ጣልኩት። የአይስ ፓኮቼን ማቀዝቀዣ ሳፈላልግ ወይዘሮ አልማዝ የምግብ ቤታቸውን ትልቅ ፍሪዘር ከፈቱና ሥጋቸውን አውጥተው ለጎረቤት አስቀመጡ፤ ለኔ ቦታ ለቀቁ። እንዲህ ያለ ደግነት ነገር ያመጣብኛል ብዬ እንዴት ልገምት።

ማክሰኞ

ቀኑን በወረቀት አሳለፍነው። ከሰዓት በኋላ ወናጎ ሄደን፣ ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ የምትሠራውን አዋላጅ ነርስ ሲስተር ምሕረትን እዚያ አገኘናት። ቀጭን ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ደም የምንቀዳበት የኮንጋ ቀበሌ ውስጥ መንታ ያረገዘች ሁሉ ስልኳ ላይ ተመዝግባለች፣ የማን ቤት ከየትኛው ድልድይ በላይ እንደሆነ ጭምር። ሦስት ጊዜ ደም እንቀዳለን አልኳት፤ አሁን አንድ፣ ከአንድ ወር በኋላ ወይም ምልክት ከታየ ደግሞ፣ ከወሊድ በኋላ አንድ። የመጨረሻውን ደስ ካላቸው ብቻ ነው አልኳት። ጻፈችው።

ዘግይተን የበላነው ምሳ ቆጮ በጎመንና በክትፎ ነበር። ቆጮን ከዚህ በፊት አዲስ አበባ በልቼው ጎማ ነው ብዬ ነበር። ወናጎ ላይ ከትኩስ ድስት በቀረበ ጎመን ስበላው አፌን ያዝኩ። ግርማ ያኔ የተናገርኩትን ሁሉ አስታወሰኝ።

ረቡዕ

ኮንጋ መኪናው የሚደርሰው መንገድ ዳር ካለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር ሳይክል፣ ከዚያ ወዲያ እግር። የለቀማ ወቅት ነው። ሰው ሁሉ ቀይ እሸት ቡና ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኛ ብቻ ሳጥናችንን ይዘን ሽቅብ። ደብረ ብርሃን ይህን ያህል ጭነት የአህያ ነው።

ስንነሳ ምሕረት የበረዶ ሳጥኔን ከፍታ አየች። አይስ ፓኩን አንስታ ጆሮዋ ሥር ወዘወዘችው። አላላበውም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ክትባት ስትይዝ፣ ከፍሪዘር የወጣውን አይስ ፓክ ውጭ አስቀምጣ ላብ እስኪወጣውና ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስክትሰማ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ባለ ልምድ አይደለሁ? ደም ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል አልኳትና ክዳኑን ዘጋሁ። ደም ከበረዶ ጋር ፊት ለፊት እንደማይገናኝ እኮ አውቃለሁ፤ ተማሪ አስተምሬዋለሁ። ግን በየክፍሉ ማቀዝቀዣ ባለበት ላቦራቶሪ ስለሠራሁ ያወቅኩት ወረቀት ላይ ኖሯል።

አራት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ሳቅ እያሉ ሰጡ። አራተኛዋ አስቴር ትባላለች፤ ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው፣ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው። ባሏ ታሪኩ ለቀማ ላይ ነበር፤ እናቷ ግን ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው እጄን ከላይ እስከ ታች አዩት። ምሕረት ግፊቷን ለካች፤ ደህና ነው። መርፌውን ከዕቃዬ ሳወጣ አስቴር ቆይ አለችኝ። በአማርኛዋ ሴትም ወንድም አንተ ነው፤ እኔም አላረምኳት፣ በጌዴኦኛ አንዲት ቃል የማላውቅ ሰው ማንን አርማለሁ።

«አንተ ደሜን ወስደህ መቼ ትነግረኛለህ?»

ታላቅ እህቷ መንታ አርግዛ፣ ስምንተኛ ወሯ ላይ አንዘፍዝፏት ከነልጆቿ መሞቷን ምሕረት በጆሮዬ ነገረችኝ። ብዋሽላት ደስ ይለኝ ነበር።

«ላንቺ አልነግርሽም» አልኳት። «የመንታ ልክ ገና አልታወቀም። መልሱ ሲገኝ አንቺ ወልደሻል። የሚጠቅመው ካንቺ በኋላ ለሚያረግዙ ነው።»

እናቷ ምን እንዳልኩ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አስቴር እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበችና፣ «እህቴ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር» ብላ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ዲላ፣ ያዋሱን ላቦራቶሪ ውስጥ ቱቦዎቹን ደሙን አሽከርክሮ ከሚያጣራው ሴንትሪፉጄ አወጣኋቸው። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጭድ መሳይ ቢጫ መሆን ነበረበት። አራቱም ቀይ ናቸው። ደሙ ከድንጋይ በረዶው ጋር ተጣብቆ አድሮ ሴሎቹ ፈንድተዋል። ከዚህ በኋላ ለምንም አይሆንም።

ያቺ ሴት የእህቷን ሞት እያሰበች የሰጠችኝን ደም እኔ በኩራቴ ገደልኩት። ለምሕረት ስደውልላት፣ ነግሬሽ ነበር ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ነገ እንመለሳለን፣ እነሱ ይሰጡሻል፣ ግን እስከ ዲላ ሳታመጪ እዚያው ብታጣሪው አይሻልም ወይ አለች። ኮንጋ መብራት የለማ አልኳት። የማጠቢያ ጣቢያው ጄኔሬተር አለው አለችኝ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደረጀ ስልክ ላይ ምን እንደምፈልግ ገና ስጀምርላቸው ገባቸው። የዛሬው ደም ዛሬውኑ ካልተጣራ ይበላሻል አልኳቸው። እሸት ቡና ነዋ አሉኝ፤ በለቀሙት ቀን ካልፈለፈሉት ይቦካል፣ እኛም አንቀበልም። ማሽኔን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ወይዘሮ አልማዝ ነገሩን ሲሰሙ ጥፋቱ የፍሪዘራቸው መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ የባሰ አፈርኩ። አይስ ፓኮቹን በማግስቱ ገና በጠዋቱ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው፤ እሳቸው አንድ በአንድ እያነሱ ጆሯቸው ሥር ይወዘውዙ ነበር።

አርብ

ሴንትሪፉጁን አቶ ደረጀ ቢሮ ውስጥ አስቀምጠን ሽቅብ ወጣን። ሦስቱ ሴቶች ደሙ በኔ ጥፋት መበላሸቱን ስነግራቸው፣ አንዷ ያንን የት ደፋሽው ብላ ጠየቀችኝ፤ በሥርዓቱ መወገዱን አስረዳኋት፤ ሦስቱም ደግመው ሰጡ። አስቴር ቤት ስንደርስ ግን ራሷን በነጠላ ጠፍራ አስራ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ትናንት ቡና ስትለቅም ፀሐይ መታኝ አለች። በዚያ ሆዷ ለቀማ መውጣቷን ስሰማ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ምሕረት ቀድማኝ መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች።

ለካች። በግራ ጎኗ አስተኝታ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ደግማ ለካች። ቁጥሩን ለኔ ብቻ አሳየችኝ። ከረቡዕ በጣም ሽቅብ ወጥቷል። ዓይንሽን ያጥበረብርሻል ወይ ስትላት አስቴር ከጠዋት ጀምሮ እንደሆነ ተናገረች። ያን ጊዜ እናቷ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ። ምሕረት ወደ አማርኛ የመለሰችልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ «ታላቋንም እንዲህ ነው የጀመራት» አለች።

ዕቃዬን መልሼ ከተትኩ። የዚያ ቀን ደሟ ለጥናቱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን መርፌ ማውጣት ነውር መሰለኝ። ምሕረት አምቡላንስ ጠርታ መንገድ ዳር ይጠብቀን አለች። በሞተር ሳይክል ማውረድ አይሆንም፤ መንገጫገጩ ራሱ ይጥላታል። ታሪኩ ከማሳው ሲሮጥ መጣ። ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም፤ የአማቱን ፊት አይቶ ተመለሰና ተጣራ። ከየቡናው ሥር ለቃሚ ወጣ። ያንን ቀይ ቡና፣ የቀኑን ልፋታቸውን፣ በየቅርጫቱ እዚያው መሬት ላይ ተዉት። ከሁለት አጠናና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። ስምንት ሆነው አራት በአራት ሳይናገሩ ይቀባበላሉ፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ቃሬዛው አንዴ እንኳን አልተዘነበለም። እኔ ሳጥኔን ሌላ ለቃሚ ይዞልኝ፣ ባዶ እጄን ሁለቴ ወደቅሁ።

አምቡላንሱ የቡና ማጠቢያው በር ላይ ነበር። እኔና ግርማ ተከትለን ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ ገባን። ምሕረት ሥር ከፍታ እንዳያንዘፈዝፋት ማግኒዚየም ልትሰጣት ስትል ወደ አስቴር ጎንበስ ብላ ስለ ጥናቱ ደም ጠየቀቻት፤ አስቴር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በዚያው በተከፈተው ሥር አንዲት ቱቦ ሞላችና አቀበለችኝ። አምቡላንሱ ከነእናቷ፣ ከነባሏና ከነምሕረት ወደ ዲላ በረረ፤ እኔ ቱቦዋን እፍኜ ውስጥ ይዤ ወደ ማጠቢያው ተመለስኩ።

አቶ ደረጀ ጄኔሬተሩን አስነስተው ጠበቁኝ። ማሽኔ ከቡና መፈልፈያው ጋር አብሮ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘውልኝ ቆሙ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እሸት አይረከቡም ነበር። ያን ቀን ሚዛኑን አልዘጉትም። ቃሬዛ የተሸከሙት ሽቅብ ተመልሰው ቅርጫታቸውን ይዘው እስኪወርዱ፣ የታሪኩንም ቡና ተጋግዘው እስኪያመጡ ጠበቋቸው። ቱቦዋን ከሦስቱ ሴቶች ቱቦ ጋር ሳወጣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ቢጫ ነበር፤ ጥርት ያለ። ማንም ባያየኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ አቶ ደረጀ ስላዩኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው።

ዲላ መግቢያ ላይ ስንደርስ ምሕረት ደወለች። በቀዶ ሕክምና ተገላግላለች። ሴትና ወንድ ናቸው፤ ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱም አልቅሰዋል። አስቴር ግን ግፊቷ ገና አልወረደም። ግርማ መኪናውን ጥግ ይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፋ።

ቅዳሜ

ወይዘሮ አልማዝ ሳይነጋ ተነስተው አጥሚት አዘጋጁ። እኛ ዘንድ የገብስ ነው የምንለምደው፤ እሳቸው ቡላም ጨመሩበት። ይህን ለማን እንደሚልኩት ስጠይቃቸው ደሟ ለተበላሸባት ልጅ አሉኝ። ፍሪዘሩን ገና አልረሱትም።

ሆስፒታሉ ቅጥር ውስጥ የአስቴርን እናት ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። አጥሚቱን ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቋንቋ የለንም፤ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወጥታ ግፊቷ እየወረደ ነው፣ መድኃኒቱን አልጨረሰችም፣ ዛሬም ነገም በዓይናችን እንጠብቃታለን አለች። ታሪኩን በመስኮት አየሁት፤ ሸሚዙን ከፍቶ አንዷን ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፏል፣ የትናንት የቡና ጭማቂ ከጥፍሩ ገና አልለቀቀም።

ምሕረት ተረኛ ሳትሆን ከይርጋጨፌ በሚኒባስ መጣች። አብረን ሻይ ስንጠጣ አንድ ነገር አልኳት፤ እዚህም ልድገመው። እኔ ያንን ደም ባላበላሽ ኖሮ አርብ ዕለት ኮንጋ አልነበርንም። ይህን ሰው ሲነግሩት እግዜር ሲያደርገው ነው ይላል። ይሁን። እኔ ግን ጥፋቴን አላመሰግነውም። የአስቴርን ሕመም ያወቀላት የኔ ውድ ምርመራ ሳይሆን ምሕረት ቦርሳ ውስጥ ያለው የጨርቅ መለኪያ ነው፤ እሱም በዕድል የደረሰ። የኔ ሥራ ያ ዕድል እንዳያስፈልግ ነው። ምሕረት ሻይዋን እያማሰለች ታዲያ ቶሎ ጨርሱታ አለችኝ።

እሁድ

ልንመለስ ነው። አራቱ ቱቦዎች ተጣርተው፣ ላብ በወጣቸው አይስ ፓኮች መሃል በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከተማው በየቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ይዟል፤ ወይዘሮ አልማዝ ለመንገድ ሁለት አናናስ ሰጥተው ግርማን መኪና ውስጥ እንዳይቆርጠው አስማሉት። እኔ ለመሰናበት ሆስፒታል ገባሁ።

አስቴር ቀና ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኗ ግን ያየኛል፤ አይጥበረበርም። ልጆቹ ደረቷ ላይ በአንድ ጨርቅ ታስረው እንደ ጫጩት ተጠጋግተው ተኝተዋል። ምን ልበላት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ፣ ጴንጤ መሆኗ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ጌታ ይመስገን ብዬ አከልኩበት። ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቱ አመማት።

ከወሊድ በኋላ የሚቀዳውን አላነሳሁባትም። ይቅር ብዬ ወስኜ ነበር የገባሁት፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ምን ደም ቀርቷት። እሷ ግን ለታሪኩ ልጆቹን ፍታና ያዝ አለችው። አንድ በአንድ አቀበለችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ አንድ ይቀርሃል አይደል፣ ምሕረት ነግራኛለች አለችኝ። የግድ አይደለም፣ ደክመሻል፣ ተይው አልኳት።

እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ያኔ የሦስታችን ነበር» አለችኝ። «ዛሬ የኔ ብቻ ነው። ውሰድ።»

ላስቲኩን ክንዷ ላይ አሰርኩት። ሥሯን በአንዴ አገኘሁት።